ከዛሪማ የመጣው ሐረግ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ልጅ የሚሞተው በረሃብ ዘመን ብቻ አልነበረም። ጎታው ገብስ ሞልቶ፣ ላሚቱ እየታለበች፣ ጡት የጣለ ልጅ ይከሳል። ሆዱ አልቆም ይላል፣ እግሩ ያብጣል፣ ጠጉሩ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ጠዋት ማልቀሱን ይተዋል። ማልቀሱን ከተወ በኋላ ብዙ አይቆይም። እኔ ሁለት ልጆቼን እንዲህ ቀብሬአለሁ።

የመጀመሪያው ወንድ፣ ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ሁለቱም ጡት እስኪጥሉ ድረስ ሸጋ ልጆች ነበሩ፤ ሰው ዓይኑን እንዳይጥልባቸው በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር ገበያ የምወጣው። የገብስ አጥሚት ስሰጣቸው ይተፉታል። ድንች ስሰጣቸው ይበሉና ያስቀምጣቸዋል። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼም ያንኑ አጥሚት ነበር የሚሰጡት፤ የአንዳንዶቹ ልጆች አደጉ፣ የአንዳንዶቹ አላደጉም።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ፊደልና ዳዊት አስቆጥሮኝ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተምሬ፣ ለወገራ ሰው፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተዳርኩ። ባሌ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ጣሊያን የቆረጠው መንገድ በየክረምቱ ሊማሊሞ ላይ ይናዳል፤ ባሌና ጓደኞቹ የተናደውን ሲጠርጉ፣ የቀረውን በድንጋይ ሲደግፉ ወር ሙሉ እዚያው ይከርማሉ። ቤት የምንቀረው እኔና እናቱ ነበርን። አማቴ አጭርና ደረቅ ሴት ነበሩ። ምላሳቸው ይቆርጣል፤ እጃቸው ግን ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም። ሲቆጡ «የጎንደሯ እመቤት» ይሉኝ ነበር፤ ሳይቆጡም ይሉኝ ነበር።

ወንዱ በሞተ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ባሌ ከዛሪማ በጭነት ማኪና መጣ። ዛሪማ ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለ ቆላ ነው። እርጥብ ጆንያ ተሸክሞ ገባና ምድጃው አጠገብ ፈታው። የተቆራረጠ ሐረግ ነበር፤ ቅጠሉ ጠውልጓል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ አማቴ።

«ስኳር ድንች ነው። የሚተከለው ሐረጉ ነው።»

«ድንች በሐረግ? ልጄ፣ ከወባው ጋር ነው እንዴ የመጣኸው?»

ባሌ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እግሩን እያጠብኩለት ነው ለእኔ የነገረኝ። ዛሪማ ላይ ያደረበት ቤት ጡት የጣለ ልጅ ነበር። እናትየዋ ስኳር ድንች ቀቅላ፣ በወተት ፈጭታ ታበላዋለች። «ጉንጩን ብታዪው» አለና እግሩን ከውሃው አወጣ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ልጅ አንስቶ አያውቅም።

ሐረጉን ከድንቹ ጋር፣ እንደ ድንቹ ተከልኩት፤ በሰኔ፣ ከቤታችን ጎን ሜዳው ላይ፣ በጥቁሩ መሬት። ሌላ አላውቅም ነበር። የክረምቱ ውሃ ተኛበትና ግማሹ በሐምሌ በሰበሰ። የቀረው ቢጫ እንደሆነ ከርሞ በጥቅምት መጨረሻ ውርጭ አቃጠለው። ቆፍሬ ባየው ሥሩ የአይጥ ጅራት ነበር የሚያህለው። በዚያው በጋ ሴቷን ልጄን ጡት አስጣልናት፤ ሌላ አርግዤ ስለነበር። ጥር ላይ ቀበርናት።

ከዚያ ሁሉ ሐረግ አንዱ ብቻ አልሞተም። ቤታችን ድሮ የጣሊያን ጦር ካምፖ የነበረ የፈረሰ ግንብ ላይ የተጠጋ ነው፤ የማድቤታችን ምድጃም ከዚያው ግንብ ሥር ነው። አንዱ ሐረግ ከድንቹ መደብ ሸሽቶ ግንቡ ላይ ከውጭ ተለጥፎ ነበር። ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ሲረግፍ እሱ አረንጓዴ ነበር። እጄን ግንቡ ላይ ባሳርፍ ለብ ይላል። ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ ማታ ከወዲህ እሳት ይነድበታል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይህ ተክል የሚፈልገው ከዝናብ ይልቅ ሙቀት ነው።

ቆርጬ በተሰነጠቀ እንስራ ተከልኩትና ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ከቀብር ከተመለስን ገና ብዙ ቀን አልሆነንም ነበር። አማቴ ውሃ ሳጠጣው አዩኝ።

«ሰው ሞቶ ቅጠል እናስታምማለን» አሉ።

 ያን በጋ ውሃውን ለብ እያደረግሁ አጠጣሁት። ጭሱ እንዳይገድለው ፈራሁ፤ አይጥ ፈራሁ። ከእኛ ጋር እቤት የሚያድረው በግ አንድ ጠዋት ግማሹን ቅጠል በልቶ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በእንቅብ እከድነው ነበር። ሚያዝያ ላይ ሦስተኛዋ ልጄ ተወለደች። አማቴ ሕፃኗን አይተው፣ ሐረጉን አይተው፣ «እንግዲህ ሁለት አሉሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ዓመት፣ ልጄ ዓመት ሲሞላት፣ ሐረጉን ቆራርጬ ግንቡ ሥር ተከልኩት፤ ክረምቱ ሳይመጣ፣ በሚያዝያ መጨረሻ። ከሥሩ ትኩስ የበቅሎ ፋንድያ ቀበርኩ፤ ፋንድያው ሲበሰብስ መሬቱን ያሞቀዋል። አፈሩን ወደ ላይ ቆለልኩት፣ የክረምቱ ውሃ እንዲወርድ። ሥሩ የጣት ያህል ወፈረ። ውርጭ ሲመታው ግን፣ እስኪ ትንሽ ያብጥ ብዬ ተውኩት። ሰነባብቼ ብቆፍር ጥቁረቱ በግንዱ በኩል ወርዶ ሥሩ ውስጥ ገብቷል፤ ሲቆርጡት ይገማል፣ ሲቀምሱት ይመርራል። ውርጭ የነካው ዕለት መውጣት እንዳለበት ያወቅሁት እንዲህ ነው። ሳይነካ ካዳንኩት ሐረግ አሁንም በእንስራ አስቀመጥኩ።

በሦስተኛው ተከላ ተጠነቀቅሁ። መደቡ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ደረደርኩ፤ ቀን የጠጡትን ፀሐይ ማታ ይመልሱታል። ከካምፖው የቀረ ላሜራ ግንቡ ላይ አጋድሜ በረዶ ሲመጣ አለብሰው ነበር። ሐረጉ በየደረሰበት ሥር እንዳይሰድ በየጊዜው እያነሳሁ አዞርኩት። አላፊ አግዳሚው ይስቅብኝ ነበር። ከእኛ በላይ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን፤ አያ እንላቸዋለን። አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆመው፣ «ልጄ፣ ብርድ ልብስስ?» ይሉኛል። ሰማይ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዝናቡን፣ ነፋሱን እጠይቃቸዋለሁ። ሳይሰለቹ ይመልሱልኛል።

ሐምሌ ላይ እንደገና ማርገዜን አወቅሁ። ልጄ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ከጡት ሌላ የረባ ነገር አትበላም። በአገራችን ያረገዘች ሴት ጡት ልጅ ይመርዛል ይባላል። አማቴ ከእኔ ቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም። አንድ ቀን ሬት በቅጠል ጠቅልለው መጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት። ጡት ላይ ይቀባል፤ ልጅ ሲመርረው ይተዋል።

«እስከ ኅዳር ይታገሡኝ፣ እምዬ» አልኳቸው። «ያ ነገር እስኪደርስ።»

«ያ ነገር ባይደርስስ?»

«ይደርሳል።»

«የጎንደሯ እመቤት፣ እኔ ስንት ልጅ ያሳደግሁት በሐረግ ነው?» አሉ። ስንት እንደቀበሩም አውቃለሁ፤ ግን አላነሳሁባቸውም። ሬቱን አንስተው ወደ ቆጡ ወረወሩት። ልመናዬን እንቢ ማለታቸው አልነበረም።

ወተቴ ራሱ ግን አልታገሠኝም። ጥቅምት ላይ ሊደርቅ ደረሰ። ልጄ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ አጥሚቱን ትተፋለች። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዋ ሳነሳት የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ሥጋው ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውሃ ይዟል ማለት ነው፤ የሞቱትን የሁለቱንም አይቻለሁ። ኅዳር በገባ በሳምንቱ የጣቴ ምልክት ቀረ። ትንሽ ነው፣ እንደ ምስር። ቁጭ ብዬ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ወደ መደቡ ሄጄ አፈሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ሥሩ ወፍሯል፣ ግን ገና ነው። ሚካኤል ይለፍ፣ ከዚያ አወጣዋለሁ አልኩ።

በዋዜማው አያ ከአውድማቸው ሲመለሱ ግንቡ ጋ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው አልቀለዱም።

«ነፋሱ ቆሟል፤ ሰማዩም ተላጭቷል» አሉ። «ላሜራሽን አልብሺው። ለነገ አላምነውም።»

አለበስኩት። የአማቴን አሮጌ ጋቢ ሳይቀር ደረብኩበት። ጠዋት ስወጣ ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል። ላሜራውን ሳነሳ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ተርፏል። ሚካኤል በዚያ ዓመት ቅዳሜ ነበር የዋለው። ማግስቱ እሑድ ነው።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር በእንዲህ ያለ በዓል መሬት አይቆፈርም። ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፤ የዓመቱ እንጀራ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሰው በዓሉን ሽሮ መሬት በብረት ከነካ በረዶው ወይም ዝናቡ በሁሉም ክምር ላይ ይመጣል ብለው ያምናሉ። እኔም አምን ነበር። ስለዚህ የሻሪው ጥፋት የራሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውም አይምረውም።

ቅዳሴ ሲያልቅ የንስሐ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጠበቅኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የልጄንም እግር።

 «መጽሐፉ ይፈቅድልሻል፣ ልጄ» አሉ። «አገሬው ግን መጽሐፍ አይጠይቅም። እኔም የምኖረው ከአገሬው ጋር ነው።»

ቤት ስገባ አማቴ ልጄን ጭናቸው ላይ አስተኝተዋል። ካህኑ ያሉትን ነገርኳቸው።  የልጅቱን እግር ወደ ብርሃኑ አዙረው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል፤ አንድም ቀን አሳይቼአቸው አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ጉድጓዱን አየነው። አሁን ምስር አያህልም፤ ባቄላ ያህላል።

ልጅቱን ሰጡኝና ተነሱ። የበዓል ቀሚሳቸውን አውልቀው የሥራውን ለበሱ። የብር አምባራቸውን ከእጃቸው አወጡ። የወጥ ማማሰያውን እንጨት ከቅርጫቱ መዘዙ።

«እምዬ፣ እኔ ልውጣ» አልኳቸው።

«አንቺ እርጉዝ ነሽ። ውሃ ጣጂ።»

ውሃውን ጥጄ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አማቴ ግንቡ ሥር ተንበርክከው በእንጨቱ እየጫሩ፣ በጣታቸው እየማሱ ነበር። መደቡ ከላዩ ደርቋል፤ ከውስጥ ግን ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። መንገዱ በግንቡ ጎን ነው የሚያልፈው። የሚሰወር ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም ሊሰወሩ አልሞከሩም።

ከጎረቤታችን ያለች አንዲት ሴት ቆመች። «እትዬ፣ ምነው በሚካኤል?»

«ብረት አልያዝኩም» አሉ ቀና ሳይሉ። «እጄ ነው። እጁን የሰጠኝ እግዜር ነው።»

«መሬት መሬት ነው፣ እትዬ። የሰው ክምር ሜዳ ላይ ነው።»

አማቴ ያኔ ቀና አሉ። «ወንዱን የልጅ ልጄን የቀበርነው በጊዮርጊስ ዕለት ነው» አሉ። «ዶማ ተሸክመው የመጡት ባልሽ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ቆንጆ አድርገው ነው የቆፈሩት። ያን ቀን መሬቱን ምነው ያለው ሰው አልነበረም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አያም ከኋላዋ ቆመው ነበር። አማቴን አዩ፣ መደቡን አዩ፣ ከዚያ ሰማዩን። አህያቸው የሌለች መሆኑን የረሱ ይመስል እንደሚነዳ ሰው እጃቸውን ወደ ጎን አወራጭተው ሄዱ።

አንድ ቅርጫት ሞልቶ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። አንዳንዱ ክንድ ያህል ነበር፤ ቀይ ልጡ ላይ አፈር ተጣብቆበት። የአማቴ ጥፍር ሁለቱ ተነቅሎ ደሙ ከጭቃው ጋር ደርቋል። አንዱን ቀቀልኩ፣ ላጥኩ፣ በወተት ፈጨሁ። ልጄ የመጀመሪያውን ተፋችው። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ከዚያ ዋጠችው፤ አፏንም ከፈተች። አማቴ ከበሩ ላይ ሆነው ያያሉ። «እስኪ አታጣድፊያት» ብቻ ነው ያሉት።

ስለ ማስቀመጡ የነገረን ሰው አልነበረም። ቆለኞች ሲፈልጉ ከመሬት እያወጡ ነው የሚበሉት፤ ባሌም ያየው ያንን ነው። እኛ የወገራ ሰዎች ደግሞ ድንችን ቀዝቃዛ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጭድ አንጥፈን ነው የምናከርመው፤ ስለዚህ ሰኞ ሙሉውን ቅርጫት እንደዚያው ቀበርነው። ግማሹ ቅርጫት ለጊዜው የሚበላ ነው ብዬ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ሰቀልኩት። ወሩ ሊያልቅ ሲል ጉድጓዱን ብከፍት ሽታው መለሰኝ። ብርዱ ገድሎታል፤ እጄን ስሰድ እንደ ጭቃ ሟሟ። ቆጡ ላይ ያለው ግን ልጡ ጠንክሮ፣ ሙቀቱና ጭሱ ደርሶበት፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ጣፍጦ ነበር። ይህ ተክል ከመሬት ከወጣም በኋላ እሳት ዳር መኖር ይፈልጋል። ያለቀሰ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ አማቴ ጉድጓዱን አፈር መልሰው ደፈኑት።

የቀረውን ለልጄ ብቻ፣ ቆጥቤ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አበላኋት። እኛ ልጡን እንኳ አልቀመስንም። ጥር ሳይገባ የእግሯ ጀርባ የጣቴን ምልክት መያዙን ተወ። ስኳር ድንቹ ይሁን፣ አብሮት ያለው ወተት ይሁን፣ እግዚአብሔር ይሁን አላውቅም። ሦስቱንም አልለይም።

ከዚያ በፊት ግን፣ በታኅሣሥ፣ ዝናብ መጣ። ያለጊዜው ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ከዚያ በፊትም ታኅሣሥ ላይ ዘንቦ ያውቃል፤ ያንን ማንም አላነሳም። ክምሩ ውሃ ገባው፤ ገብሱ በነዶው እንዳለ በቀለ። ከሁሉ የባሰው የአያ ነበር፤ ክምራቸው ዘቅዛቃው ሥር ስለነበር ውሃው ከታችም ገባበት። አውድማቸው ላይ ቆመው የበቀለውን ነዶ በእጃቸው ሲገልጡ ከሩቅ አየኋቸው። አረንጓዴ ነበር፣ እንደ ቡቃያ።

የሰደበን ሰው የለም። ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ማድጋቸውን አንስተው ይሄዳሉ። አማቴ ለብዙ ዓመት የጠጡበት ማኅበር ተራቸው ሲደርስ አለፋቸው፤ ድግሱ ሌላ ቤት ሆነ። ዳቦአቸውን ጋግረው፣ ጠላቸውን ጠምቀው፣ ቤቱን ጠርገው ነበር። እስኪመሽ በሩን ከፍተው ተቀመጡ። ባሌ ከመንገድ ሥራ ሲመጣ ሰምቶ ዱላውን አነሳ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ገብሳቸው ነው የበቀለው። ምን ልትላቸው ነው?»

«ዝናቡን እናቴ ናት ያመጣችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ አማቴ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን አየሁ። የምር አያውቁም ነበር። እስኪሞቱ ድረስም ያ ነገር ከውስጣቸው አልወጣም፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ከቤት ወጥተው ያዩ ነበር።

የሞቱት በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ነው፤ ሳል ጀምሯቸው ቶሎ ወሰዳቸው። የመጨረሻዬ ወንድ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ እሱን ታቅፈውታል። እሪ ስንል ሰው አልመጣም። የባሌ ጓደኞች በማኪና ደርሰው ቃሬዛውን ተሸከሙ። ካህኑ መጡ። ከመንደሩ የመጡት አያ ብቻ ናቸው። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ፤ ጉድጓዱን ከእነ ባሌ ጋር ቆፈሩ፤ አፈሩን መለሱ። ባሌ እህል ቅመሱ ብሎ ለመናቸው። ዶማቸውን በቅጠል ጠርገው ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ ግንቡ ሥር በየዓመቱ መትከሌን አልተውኩም። ወንዱ ልጄም ጡት የጣለው በዚያው ነው። ብዙ ዓመት ሳይቆይ አንድ ቀን ያቺ «መሬት መሬት ነው» ያለችው ሴት በጓሮ በኩል መጣች። በጀርባዋ የልጇን ልጅ አዝላለች። እግሩ ከአንቀልባው ወጥቶ ይታየኛል፤ መጫን አላስፈለገኝም።

«እስቲ ከዚያ ሐረግ» አለች።

ቆረጥኩላት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ፋንድያውን፣ ድንጋዩን፣ አፈሩን እንዴት እንደምትቆልል፣ ሲወጣም ጉድጓድ ሳይሆን ቆጥ ላይ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። ነጠላዋ ውስጥ ደብቃው ልትሄድ ስትል ጠራኋት።

«ከሚካኤል በፊት አውጪው» አልኳት።

ፊቷን ሳትመልስ ቆመች። ከዚያ የልጁን እግር ወደ ውስጥ ሸፍና በግንቡ ጥግ ሄደች።